ዳገት ላይ ቤት ከመሥራት በፊት፦ መሬቱ ይሸከማል? መሬቱስ ራሱ ይቆማል?

ጠያቂያችን ዱባይ ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ደሴ ከተማ ውስጥ ዳገት ላይ ያረፈ 250 ካሬ ሜትር ቦታ ገዝተው፣ ጂ+1 መኖሪያ ቤት ሊሠሩበት አስበዋል። ሥራውን እዚያው ሆነው የሚከታተሉላቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ግንበኛው ቦታውን አይቶ «ከሥሩ ድንጋይ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ከወረድን ይበቃል» ብሏል። ወንድማቸውም የአፈር ምርመራ ለትልልቅ ሕንፃ እንጂ ለመኖሪያ ቤት የገንዘብ ብክነት እንደሆነ ከሰው ሰምተዋል። የላኩልኝ ፎቶ ላይ ከቦታው በላይ የባሕር ዛፍ ተክል ይታያል፤ ከበታቹ ደግሞ አንድ ጎረቤት ለራሱ ቤት መደልደያ ሲል ቆርጦ ያቆመው ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ። ጥያቄያቸው «ምርመራው በእርግጥ ያስፈልገኛል ወይ? የሚያስፈልገኝ ከሆነስ ባለሙያውን ምን ብዬ ልጠይቀው?» የሚል ነው።

አዎ፣ ያስፈልግዎታል። ይሁን እንጂ ከጥያቄዎ የከበደው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያላወቀ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ማኅተም ያለበት ሪፖርት ተቀብሎ፣ ዋናው ነገር ሳይመረመርለት ሊቀር ይችላል። ዳገት ላይ የሚሠራ ቤት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው «መሬቱ ቤቱን ይሸከማል ወይ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «መሬቱ ራሱ ባለበት ይቆማል ወይ?» የሚለው ነው። ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዳገት ላይ ግን ሁለተኛው ይቀድማል፤ ለመኖሪያ ቤት ተብለው ተሠርተው እጄ ከገቡት ሪፖርቶች ውስጥ አብዛኞቹ የመለሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «የመሸከም አቅሙ 200 ኪሎ ፓስካል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭነት የሚችል በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ ስለ ጀርባው ጥንካሬ ብቻ እንደ መናገር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 200 ኪሎ ፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 20 ቶን ገደማ ማለት ነው። ብሎኬት ግድግዳ ያለው የአርማታ ቤት በአንድ ወለል፣ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ከ1 ቶን ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ጂ+1 ቤት ጣሪያውን ጨምሮ በአማካይ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 2.5 ቶን ይመዝናል። ይህ ክብደት በፉቲንጎቹ (ከየአምዱ ሥር ባሉት የመሠረት እግሮች) በኩል ተሰብስቦ ሲወርድ ጫናው ከፍ ማለቱ እውነት ቢሆንም፣ ከዳገቱ አንጻር ቤትዎ ትንሽ እንግዳ ነው። በአንጻሩ ቦታውን ለመደልደል 2.5 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ቢያነሱ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 4.5 ቶን ገደማ አነሡ ማለት ነው፤ ከቤቱ ክብደት በላይ። ዳገቱን የሚያናጋው እንግዲህ የቤትዎ ክብደት ሳይሆን ቁፋሮው ነው፤ ከቁፋሮውም በላይ ውሃው ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጦሳ ተራራ በስተምዕራብ ቁልቁል በሚያያት ጎድጓዳ ሥፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሥር ያለው ዐለት በአብዛኛው ባዛልት ሲሆን፣ ከባዛልቱ በላይ ደግሞ በብዙ ቦታ ለዘመናት ከተራራው ተንከባልሎና በጎርፍ ታጥቦ የተከማቸ የድንጋይና የአፈር ቅይጥ አለ። ግንበኛዎ «ድንጋይ ነው» ያለው ምናልባት ይህንን ቅይጥ ይሆናል። በሸክላ አፈር ውስጥ የተዋጠ፣ በሬ የሚያክል ቋጥኝ ዶማ ሲነካው ልክ እንደ ዐለት ይጮሃል፤ ነገር ግን ቋጥኙ የተቀመጠው አፈሩ ላይ ነው፣ አፈሩም በሄደ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን ለመለየት ቋጥኙን ዙሪያውን ማስቆፈር ነው። ጠርዙ ሁሉ የተሞረደ ከሆነ፣ በየድንጋዩ መካከል እርጥብ ጭቃ ከተገኘ፣ ድንጋዮቹም አንዱ ቆሞ ሌላው ተጋድሞ ከሆነ፣ ያ ተንከባላይ ድንጋይ ነው። እውነተኛው ዐለት ስንጥቅ ቢኖረውም ስንጥቁ ከጉድጓዱ አንድ ግድግዳ ተነሥቶ በወለሉ በኩል ወደ ሌላው ግድግዳ ሲቀጥል ይታያል።

ወንድምዎ ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት በእግራቸው ይዙሩ፤ ሲዞሩም በ250 ካሬው አጥር ውስጥ አይወሰኑ። ከበላይ እስከ ኮረብታው አናት፣ ከበታች እስከ ጅረቱ ወይም እስከ መንገዱ ድረስ ይሂዱ፤ መሬት በካርታ ወሰን አይንሸራተትምና። ሥሩ ጋ ወደ ታች ጎብጦ ከዚያ ቀና ያለ የዛፍ ግንድ ካዩ፣ ዛፉ ካደገ ወዲህ መሬቱ በዝግታ ሲሄድ ኖሯል ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ ንፋስ ወይም ከብት አጉብጦት ይሆናል፤ ሲደጋገም ግን ቁም ነገር ነው። የመብራት ምሰሶ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን፣ የድንጋይ አጥር መሐሉ ላይ ሆዱን መግፋቱን፣ ማንም ያልሠራው እንደ ደረጃ ያለ እጥፋት ሜዳው ላይ መኖሩን ይመልከቱ። የገበሬ እርከን ወጥ መስመር አለው፤ የተንሸራተተ መሬት ደረጃ ግን እንደ ጨረቃ ቀስት ጎብጦ ጫፍና ጫፉ ይጠፋል።

ስንጥቅ ሲያዩ ደግሞ ከሁለቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። በበጋ የደረቀ ዋልካ በየአቅጣጫው እንደ መረብ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባም መልሶ ይገጥማል። የዳገት ስንጥቅ ግን ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ አንድ መስመር ሲሆን፣ የታችኛው ከንፈሩ ከላይኛው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁለተኛውን ዓይነት ካገኙ በሁለቱም ወገን ችካል ተክለው፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው፣ ከነቀኑ ይጻፉት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ርቀቱ የሚጨምር ከሆነ ቤት ስለ መሥራት ሳይሆን ከበታች ያሉ ሰዎችን ስለ ማስጠንቀቅ ማሰብ ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ነው የወሰዳቸው። አንድ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ተዳፋት ሥራውን እንደጨረሰ ተቆጥሮ ሊጠጉት አይገባም።

ውሃውን ለማወቅ የበጋ ጉብኝት አይበቃም። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ከሚጥለው ዋና ዝናብ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላላት፣ ቦታው በመስከረም መጀመሪያ መታየት አለበት፤ ከክረምቱ ማግስት ምንጭ ሁሉ ይናገራል። የግድ በበጋ ከሆነም በጥርና በየካቲት ዙሪያው ደርቆ ሳለ ለምለም ሆኖ የቀረ ጥግ ይፈልጉ። በተለይ ቄጠማ የበቀለበት ቦታ ከሥሩ ውሃ እንዳለ ያለ ምንም መሣሪያ ይነግርዎታል። የሠፈሩን አረጋውያን «ድሮ እዚህ ምንጭ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅም ከምርመራው የሚቆጠር ነው፤ «ነበር፣ ግን ደፍነነው መንገድ ወጣበት» የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጠርኩትም። የተደፈነ ምንጭ አይደርቅም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

የተዳፋቱን መጠን ለመለካት ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ይበቃል። በአግድም 10 ሜትር ሲርቁ ከፍታው 1.5 ሜትር ከተለያየ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው፤ 3 ሜትር ከተለያየ 30 በመቶ ወይም 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እኔ እስከ 15 በመቶ ድረስ በተለመደው ጥንቃቄ እሄዳለሁ፤ ከ15 እስከ 30 በመቶ ባለው በደረጃ የሚወርድ መሠረትና የታሰበበት የውሃ ማፋሰሻ እጠይቃለሁ፤ ከ30 በላይ ከሆነ የተዳፋት መረጋጋት ስሌት ሳይሠራ ዶማ እንዳይነሣ እላለሁ። ይህ የሥራ ልማዴ እንጂ ኮድ ላይ የተጻፈ ወሰን አይደለም። ቁጥሩን ብቻ ማመንም ያሳስታል፤ በውሃ የጠገበ ወፍራም ሸክላ ዓይን ሜዳ ብሎ በሚያልፈው ተዳፋት ላይ ሲሄድ ይታያል፣ ጤነኛ ባዛልት ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ከቦታው ራስጌ፣ አንዱ መሐል አካባቢ፣ አንዱ ግርጌ። ፉቲንግ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ አይቆፈሩ፤ ተመልሶ የተሞላ ጉድጓድ መልካም መቀመጫ አይሆንም። ጥልቀታቸው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ግድግዳው በጣውላ ሳይደገፍ ማንም ሰው ከ1.2 ሜትር በታች እንዳይወርድ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሲናድም ድምፅ አያሰማም። የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር፤ ጉድጓዱ ውሃ ያቁር እንደሆነ ለማየት ለአንድ ቀንና ሌሊት ክፍት ሲቆይም ልጆችና ከብት እንዳይገቡበት ይታጠር።

ከጉድጓዱ ምን እንደሚፈለግ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወሎ ውስጥ፣ ተዳፋት ላይ ያለ የመኖሪያ ቤት ቦታ ስንመረምር፣ የላይኛው ሁለት ሜትር ደረቅ፣ ቡናማና ድንጋያማ ስለነበር ባለቤቱ «ሲሚንቶ ነው እኮ!» እያሉ ደስ ብሏቸው ነበር። 2.2 ሜትር ላይ የጉድጓዱ ግድግዳ ማላብ ጀመረ። በቢላዋ ጫፍ አንድ ቁራጭ ሸክላ ስፈነቅል ከሥሩ የወጣው ገጽ እንደ ተወለወለ ቆዳ ጫማ የሚያበራ፣ በጣት ሲዳሰስ ሳሙና የሚመስል፣ በላዩም ቀጫጭን ጭረቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ቁልቁለቱ የተጋደሙበት ነበር። ያ ገጽ መሬቱ ቀድሞ አንድ ጊዜ እንደተንሸራተተ የሚመሰክር ፊርማ ነው፤ አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ሸክላ ደግሞ ያን ጥንካሬውን መልሶ አያገኝም። ከላይ ያለው ደረቅ አፈር የመሸከም ፈተናውን ያለ ችግር ባለፈ ነበር። ቤቱ በመጨረሻ ተሠራ፤ ነገር ግን ሃያ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሄዶ፣ ዐለቱ ላይ ወጥቶ ነው የተሠራው። እኚህ ሰው ሰፊ ቦታ ስለነበራቸው ተረፉ፤ በ250 ካሬ ላይ የሚሸሹበት ቦታ ስለሌለ ጥናቱ ከዕቅዱ መቅደም ይኖርበታል።

ከየጉድጓዱ በየግማሽ ሜትሩ ናሙና ተወስዶ፣ ጥልቀቱ ተጽፎበት፣ በላስቲክ ይታሰር። ጥቁር ዋልካ ወይም መረሬ ከተገኘ የሚያሳስበው እብጠቱ ነው። ያው አንዱ ባዛልት ውሃ በደንብ በሚወርድበት ቦታ ሲበሰብስ ቀይ አፈር፣ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ሲበሰብስ ጥቁር አፈር ይሰጣል፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ የእንጦጦ ግርጌ ቀይ ሆኖ ቦሌና አካባቢው ጥቁር የሆነው። ለቅድመ ግምት በቤት ውስጥ የሚሠራ ፍተሻ አለ። አፈሩን በፀሐይ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በደቃቅ ወንፊት ነፍተው፣ ሚሊ ሊትር በተጻፈበት የሕፃን ጡጦ ውስጥ ሳይጠቀጥቁ እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ልኩን ከያዙ በኋላ ገልብጠው አውጥተው፣ ጡጦውን ውሃ ሞልተው፣ አፈሩን ቀስ እያሉ መልሰው ይነስንሱበትና በማግሥቱ ያንብቡ። የአፈሩ ደለል 45 ላይ ከደረሰ 50 በመቶ አብጧል ማለት ነው። ከ50 በታች ሲሆን ለቀላል ቤት ብዙም አያስጨንቅም፤ 100ን ካለፈ ግን መሠረቱ በልዩ ሁኔታ ካልታሰበ ወለል ያነሣል፣ በር ያጣምማል። ፍተሻው ሻካራ ስለሆነ የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም፤ ላቦራቶሪ ለመላክ መቸኮል እንዳለብዎት ግን ይነግርዎታል። የጎረቤቶች ቤትም ሌላው መለኪያ ነው፦ ክረምት የሚያስቸግር፣ በጋ የሚፈታ በር፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ አፈሩ እያበጠ እየሟሸሸ ነው።

ወደ ባለሙያው እንሂድ። «የአፈር ምርመራ ሥራልኝ» ከማለት ይልቅ የሚከተለውን በጽሑፍ ይስጡት። ቁፋሮው ቢያንስ በሁለት ነጥብ ይሁን፤ ጥልቀቱም ከመሠረቱ በታች 6 ሜትር፣ ይልቁንም ጎረቤቱ ቆርጦ ካወጣው ግድግዳ ግርጌ በታች የሚወርድ ይሁን፤ መንሸራተት ቢመጣ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነውና። ዐለት ተመታ ተብሎ ከተቆመ፣ ዐለቱ ቋጥኝ አለመሆኑ ቢያንስ 3 ሜትር ውስጡ ተገብቶ በወጣ ናሙና ይረጋገጥ። የላቦራቶሪው ሥራ የፈሳሽነትና የልስላሴ ወሰን፣ የእብጠት ግፊት፣ የመቆረጥ ጥንካሬና፣ አፈሩ ሸክላ ከሆነ፣ ከተንሸራተተ በኋላ የሚቀረውን ጥንካሬ ይጨምር። ከሁሉ በላይ የተዳፋቱ ስሌት ከኮረብታው ትከሻ እስከ ግርጌ ባለው ሙሉ ቅርፅ ላይ፣ የከርሰ ምድር ውሃው በክረምት ከፍ ብሎ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ከቁፋሮ በፊት፣ አንድ ጊዜ ቁፋሮው ተከፍቶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ቤቱ ካለቀ በኋላ ይሠራ። በልማድ የምንፈልገው የደኅንነት መጠን 1.5 ነው፤ የሚይዘው ኃይል ከሚገፋው በግማሽ ይበልጣል ማለት ነው። ብዙ ዳገት የሚናደው ቤቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን መሐል ላይ፣ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ሲሚንቶ እስኪመጣ በሚጠበቅባቸው ሳምንታት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ስሌት እንዳይዘለል።

በሥራው ቀን ወንድምዎ ቦታው ላይ ይገኙ። የአፈሩን ጥንካሬ ለመለካት 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና መውሰጃውን ቱቦ 45 ሴንቲ ሜትር ሲያስገባ፣ የመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር በስንት ምት እንደገባ ይቆጠራል፤ ይህን መቁጠር ምሕንድስና አይጠይቅም፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ይህን የምለው ባለሙያን ለማሳጣት አይደለም። አንድ ጊዜ ለደሴ ቦታ ተብሎ የቀረበ ሪፖርት ሳነብ ሦስተኛው ገጽ ላይ የሌላ ከተማ ስም ተረስቶ አግኝቻለሁ፤ ቁጥሮቹም የዚያው ከተማ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤትን ከተራ ባለ አንድ ወለል ቤት ለይቶ ምድብ «ለ» ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ የፈቃድ ፋይሉ ሞላ ማለት ግን መሬቱ ተጠና ማለት አይደለም።

የቤቱን አቀማመጥ በተመለከተ፣ እኛ አገር ዳገት ላይ በብዛት የማየው ስሕተት ከላይ ቆርጦ ከታች በመሙላት ሜዳ ማውጣትና ቤቱን መሐሉ ላይ ማሳረፍ ነው። የቤቱ ግማሽ ባልተነካ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ሲቀመጥ፣ ሙሌቱ በየክረምቱ ጥቂት ይወርዳል፣ ያልተነካው አይወርድም፣ ቤቱም በመገናኛው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። የተሞላው አፈር ገረጋንቲ ሆኖ በስስ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ካልተሠራ፣ ሁሉም ፉቲንግ ሙሌቱን አልፎ ያልተነካ መሬት ላይ መድረስ አለበት፤ ከላይ ካለው ፉቲንግ ወደ ታችኛውም በደረጃ ይወረዳል። ይህ በፌሮና በአርማታ ጥቂት ያስወጣል፣ በቁፋሮ ግን ብዙ ያተርፋል። ኪሱ ለሚያስበው ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፦ ዳገቱን ያከበረ ቤት በተደለደለ መድረክ ላይ ከተሠራ ቤት ያነሰ አፈር ያነሣል።

የድጋፍ ግንብ የግድ ከሆነ ጠላቱ አፈር ሳይሆን ውሃ መሆኑን ግንበኛዎ ይወቅ። 3 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ከጀርባው ደረቅ ጠጠራማ አፈር ሲኖር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 2.7 ቶን ገደማ ይገፋል። ያው አፈር በውሃ ሲሞላ ግፊቱ ወደ 6 ቶን ይደርሳል፤ ከእጥፍ በላይ። ግንቡን ማወፈር ይህን አይፈታውም፤ የሚፈታው ከጀርባው ከታች እስከ ላይ ጠጠር መሙላት፣ ከግርጌው የተበሳ ቱቦ መዘርጋት፣ በየ1.5 ሜትሩም ውሃ የሚተነፍስበት ቀዳዳ መተው ነው። ቀዳዳዎቹ በልስን ሲደፈኑ አይቻለሁ፣ «ግድግዳውን እያቆሸሹ ነው» ተብሎ። በሽቦ ሳጥን የሚሠራው ጋቢዮን ለዓይን ባያምርም ውሃን ስለማይዝ፣ ቦታ እስካለ ድረስ እኔ አስቀድሜ የማስበው እሱን ነው።

አሁን ፎቶዎ ላይ ወዳለው የጎረቤት ግድግዳ ልመለስ፤ ከሁሉ አስቸኳዩ እሱ ነው። አጠገቡ የቆመውን ሰው በመካከለኛ ቁመት ብወስደው ግድግዳው ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፤ ድጋፍ የለውም፤ አናቱም የእርስዎ ወሰን ነው። የእርስዎ መሬት የሚደገፍበት ግርጌ ተቆርጧል ማለት ነው። ከቀጣዩ ክረምት በፊት ከጎረቤትዎ ጋር ተቀምጠው ግንቡን ማን፣ በማን ወሰን ውስጥ፣ በማን ወጪ እንደሚሠራ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሽማግሌ ቢያስፈልግ ሽማግሌ፣ ካልሆነም የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ሹም አለ። ለመነሻ ያህል የአሜሪካው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ ከ33 በመቶ በላይ በሆነ ተዳፋት አናት ላይ የሚሠራ ቤት የመሠረቱ ፊት ከተዳፋቱ ገጽ የተዳፋቱን ቁመት ሲሶ ያህል፣ በግርጌ የሚሠራ ደግሞ ግማሹን ያህል እንዲርቅ ይጠይቃል። የ3 ሜትር ሲሶ 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጎረቤቱ ቀጥ ላለ ቁርጥ ኮዱ ራሱ ርቀቱን የሚለካው ከአፋፉ ሳይሆን ከግርጌው በ45 ዲግሪ ወደ ላይ ከሚሰመር ምናባዊ መስመር ነው፤ ይህም ለጤነኛ መሬት የተባለ ትንሹ ልክ ስለሆነ፣ ግንቡ ተሠርቶ እስኪረጋገጥ ድረስ እኔ ከአፋፉ 1 ሜትር ላይ ፉቲንግ አላስቀምጥም።

የባሕር ዛፉን ጉዳይ ሰዎች በሁለት ጽንፍ ነው የሚይዙት። ሥሩ የላይኛውን አፈር ያስራል፣ ውሃም ይመጥጣል፤ ስለዚህ ቦታውን ለማጽዳት ተብሎ በአንድ ጊዜ ከተጨፈጨፈ፣ ሥሩ በስብሶ መያዙ እየላላ የሚሄደው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት፣ ልክ ቤቱ ሲያልቅ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ይመጠው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ቀርቶ ያብጣል። በሌላ በኩል ከግድግዳው ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ባሕር ዛፍ በበጋ ከቤቱ ሥር ውሃ እየሳበ መሠረቱን ያሰምጣል። ከቤቱ የዛፉን ቁመት ያህል ርቀት ውስጥ ያሉት ከግንባታው ቢያንስ አንድ ክረምት አስቀድመው ይቆረጡ፤ የራቁት ይቅሩ።

የራስዎ ቤት ውሃም አለ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 5,000 ሊትር፣ ማለትም 25 በርሜል ነው። ይህ በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ እስከ መንገዱ ቦይ መድረስ አለበት እንጂ ከቤቱ ጀርባ አይፈሰስ። ከራስጌ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ከሁሉ ሥራ ቀድሞ፣ ከመሠረት ቁፋሮም በፊት ይውጣ። የመጸዳጃውን ማስረጊያ ጉድጓድ ከቤቱ በላይ ወይም ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ማድረግ ዳገቱን ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ነው፤ የማስረጊያው ቦታ ካልተገኘ የሚመጠጥ፣ ውሃ የማያስወጣ ታንክ ይሻላል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም በአጭሩ ልጨምር። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ደሴ የተቀመጠችው በዚያው በአፋር ዝቅታ ምዕራባዊ ገመገም ጠርዝ ላይ ነው። ልል አፈር ንዝረትን ስለሚያጎላ፣ ባለሙያው ቦታውን በመሬት መንቀጥቀጥ ኮዱ የአፈር ምድብ መድቦ ምድቡን ለስትራክቸራል መሐንዲሱ ይስጠው፤ ይህ ምድብ ሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ ሪፖርቱ አላለቀም።

ወንድምዎ ሦስቱን ጉድጓዶች ሲያስቆፍሩ የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ በጠዋት ብርሃን፣ ከላይ እስከ ታች ሜትር ዘርግተውበት፣ የዳገቱን አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርገው ያንሡ፤ ያለ ሜትር የተነሣ የአፈር ፎቶ የአንድ ስንዝር ይሁን የአንድ ሰው ቁመት አያስታውቅም። ከተቻለም ያው ጉድጓድ በማግሥቱ፣ ውሃ ቢወጣም ባይወጣም፣ እንደገና ይነሣ።